የቀዛፊው ድምፅ

ደሴታችን ትንሽ ናት፤ ዞረዋት ለቁርስ ይደርሳሉ፤
ዙሪያዋ ውሃ ነው፣ ልጆቿ ግን ይጠማሉ።
ኬረላ ላይ፣ ባሕሩ ከወንዙ ተቃቅፎ፣ ጨው ሆኖ፣
የሚጠጣው ሁሉ ይመጣል በእኔ ጀልባ ተጭኖ።
ሰውም እንዲሁ ነው፤
ሙሽራም፣ ሬሳም፣ ፖስታም የማሻግረው
እኔ ነኝ፣ ኩንጃፓን፣ ባለ አንድ ቀርከሃ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ገፋሁት ይህን ውሃ።

ለምክር ቤቱ ወንበር ሁለት ሴቶች ቀርበው፣
አንዷ ሱባሺኒ፣ ገመድ ፈታይ፣ ጃንጥላ ምልክቷ ነው፤
«ቧንቧ አስገባለሁ» አለች፣ «ጀሪካን ይውረድ ከትከሻ።»
ባለ መሰላሏ አሌያማ፣ ዓሣ ሻጭ፣ የማታውቅ መሸሻ፣
«ድልድይ!» አለች፣ «ድልድይ! በሌሊት ምጥ የመጣባት ሴት
ስንት ጊዜ ትጩህ፣ ኩንጃፓን እስኪነቃላት?»
ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
ሳቄን ግን ቤቴ ይዤው አልገባሁ።

ድልድይ ከቆመ እንጀራዬ ተቆርጧል፤
ቧንቧ ከገባም ግማሹ ይሄዳል።
ባይመጡስ? የሚስቴን ጩኸት፣ ያቺን ሌሊት፣
ሰምቼዋለሁ፤ ነፋስ ጀልባዬን ወደ ኋላ ሲገፋት።

የምርጫው ቀን ገና ከማለዳ ጀምሮ
ሰው ይጠብቀኛል ዳር ላይ ተደርድሮ፤
ዕውሩ በልጁ ተመርቶ፣ ነፍሰ ጡሯ ከነሥቃይ፣
ሽማግሌው ካርዱን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ዓይኑ ሰማይ ላይ።
ሲመለሱ፣ በግራ ጣታቸው የማይለቅ ቀለም አለ፤
«አንተስ መቼ ነው?» ይሉኛል፤ «ቆይ» እላለሁ፣ «ሰው ስላለ።»

እውነቱን ልናገር፣ ውሃው ምስክሬ ነው፤
አሥር ሰዓት ላይ ማንም አልነበረም ዳር የቆመው።
ሙሉ አንድ ሰዓት። ሲጋራዬን አጨስሁ።
ጣቢያው ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ በዓይኔ ቆጠርሁ።
አልሄድሁም።

ማታ ተቆጠረ፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጃንጥላ፤
መሰላሉም እንዲያው። ደገሙት። ቋጠሮው አልላላ።
«አምና» አለ አንዱ፣ «የጀልባ ውድድሩ አፍንጫ ለአፍንጫ ሲያልቅ፣
ዋንጫው በየስድስት ወሩ ዞረ፤ ወንበሩም ይዙር፣ ምን ይጨንቅ?»
«በዕድሜ ታላቋ!» አለ ሌላው። ሁለቱም ልደታቸውን አያውቁም።
ሹሙ ላቡን ጠረገ እንጂ አልሰማቸውም፤
መነጽሩን ሰካ፣ ደንቡን ከቦርሳው አወጣ፣
«ሰው እኩል ካለ» ብሎ አነበበ፣ «ይናገር ዕጣ።»

ሁለት ወረቀት፣ አንድ ዓይነት እጥፋት፤
በትምህርት ቤቱ የሩዝ ድስት ከተው ሸፈኑት።
ኒሚሻን ጠሩ፤ አባቷ ዱባይ ነው፣ ሊሠራ ሄዶ፤
ስምንት ዓመቷ ነው፣ የፊት ጥርሷ ቦታ ባዶ።
ዓይኗን ጨፈነች።
ስምንት መቶ ሃያ አራት ድምፅ ጸጥ አለ፤
ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ተሰማ፤ ሌላ ድምፅ የለ።

ጃንጥላ።

ሱባሺኒ አልዘለለችም፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣
ተበድራ እንደ ከበረች።

ሲመሽ፣ ባዶ ቅርጫቷን ይዛ አሌያማ ተሳፈረች፤
እስከ መሐል ውሃው ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰች።
ከዚያ በጣቶቿ፦ «የሞቱት ይቅሩ፤ ዓረብ አገር ያሉት ይቅሩ፤
የታመሙትንም አውቃለሁ። አንድ ሰው ይጎድላል ከቁጥሩ።»
ግራ እጄን ከቀርከሃው ሥር ደበቅሁ፤
ደመናው ሊያጋልጠኝ ሲገለጥ ግን ዘገየሁ።
ጨረቃ ወጣች።
አሌያማ ጣቴን አየች።
ንጹሕ ነው። ከምጥ የተረፈ ሕፃን ጣት ይመስላል።
ብሄድስ ለማን ነበር? ይህን ልቤ ዛሬም ይጠይቃል፤
አላውቅም።
«ዕጣ ነው እንግዲህ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደ መሳቅ ብላ።
ድስቱ ምን አጠፋ? ዕጣው የወጣው በአሥር ሰዓት ነው፣ ከሲጋራዬ ጢስ ኋላ።

ዳር ስንደርስ ሳንቲሟን ወለሉ ላይ ጥላ ወረደች።
አንበሳው ይሁን ቁጥሩ፣ በየትኛው ጎኗ እንደ ወደቀች
ለማየት ፋኖስ አላበራሁም፤
እስኪነጋ እዚያው ነበረች።